ሁለት ጊታር፣ ሁለተኛ አልበም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው፦ በሁለት ሰው፣ በጊታርና በድምፅ፣ ያለ ትልቅ ስቱዲዮና ያለ አሳታሚ የሚሠራ ሙዚቃ። ሰፋ አድርገን የመለስነው የመጀመሪያውን ነው፤ የሌሎቹም መልስ በከፊል እዚያ ውስጥ ይገኛል።

«የመጀመሪያው አልበማችን በአንድ ጊታርና በሁለት ድምፅ የተሠራ ነበር፤ ሰው ወደደው። ለሁለተኛው ሁለታችንም ጊታር ይዘን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ጨምረን ብዙ ደከምንበት። ሦስቱን ዘፈን በዩቲዩብ ስንለቅ ግን አስተያየቱ ሁሉ ‹የመጀመሪያው ይሻላል›፣ ‹ግጥሙ አይሰማም› ሆነ። ሰባቱ ገና አልወጡም። ዜማዎቹን እንቀይር ወይስ እንዳሉ እንልቀቃቸው?» ሁለት ጓደኛሞች፣ ከደብረ ብርሃን

ዜማውን አትንኩት፤ መጀመሪያ ቅንብሩን ፈትሹ። «ግጥሙ አይሰማም» ያለ አድማጭ ስለ ዜማው ክፉም ደግም አልተናገረም። እሱ የነገራችሁ ድምፃችሁ ጊታሩ ሥር እንደተቀበረ ነው።

ሁለተኛ ጊታር ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ይህ ነው። ሁለቱም ሰዎች ጂ፣ ሲ፣ ኢ ማይነርና ዲ የሚባሉትን ኮርዶች ከአንገቱ ጫፍ ይዘው፣ ክፍት ክር እያስጮኹ፣ በአንድ ዓይነት ምት ይመታሉ። ከ200 እስከ 500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ያለው ቦታ ይጨናነቃል። የሰው ድምፅ ሙላት የሚያገኘውም ከዚያው ስለሆነ ድምፃዊው ከጓዳ የሚዘፍን ይመስላል። ኪቦርዱ ረጅም ኮርድ ሲዘረጋበት ደግሞ ይብሳል። በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ድምፁ ሲጎላ ጊታሩ ይሳሳል፣ ጊታሩ ሲመለስ ድምፁ ይሰምጣል፤ በዚህ መሀል ሌሊቱ ይነጋል።

መለያየት ያለባቸው ገና ሲቀረጹ ነው። አንደኛው ጊታር ክፍት ኮርዶቹን ይያዝ። ሁለተኛው 5ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) አድርጎ ጂ ሲባል የዲን፣ ሲ ሲባል የጂን፣ ዲ ሲባል የኤን፣ ኢ ማይነር ሲባል የቢ ማይነርን አያያዝ ይጠቀም። ኮርዱ ያው ነው፤ ድምፁ ግን ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከታች ያለው ቦታ ይለቀቃል። ካፖውን ከፍሬቱ ብረት ጀርባ፣ ሳይርቅ ግን ሳይደፋበት አስቀምጡት። መሀል ላይ ከሆነ ክሩን ጎትቶ ያሾለዋል፤ ካሰራችሁት በኋላ ሳትቃኙ አትቅረጹ።

ምቱንም ተከፋፈሉት። ዘፈኑ በችክችካ፣ ማለትም በ6/8 ከሆነ፣ አንዱ ወፍራሞቹን ክሮች በ1 እና በ4 ላይ ብቻ ይምታ፤ ሌላው ቀጫጭኖቹን ይዞ በመሀል ያሉትን ይሙላ። ሁለቱም ስድስቱንም ምት ከመቱ ከሁለት አንዱ ትርፍ ነው። የከበሮ ማሽኑም ምቶችን መቶ በመቶ በመስመር ላይ ካስቀመጠ ችክችካው ይደርቃል፤ የማስተካከያውን ጥንካሬ ወደ 70 ወይም 80 በመቶ ዝቅ ስታደርጉት የእጅ ምት መወዛወዙ በከፊል ይተርፋል። ለነገሩ፣ በእኛ ግምት ከሰባቱ ዘፈኖች ምናልባት አራቱ ማሽኑን ጭራሽ አይፈልጉትም።

ከዚያ ወደ ሚክሲንጉ፣ የተቀረጹትን ድምፆች ወደ ማመጣጠኑ። ከፍ ብሎ የሚጫወተውን ጊታር ከ150 ኸርዝ በታች፣ ሌላውን ከ80 ኸርዝ በታች ቁረጡት። ሁለቱንም 250 እና 300 ኸርዝ አካባቢ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርጓቸው፤ ከዚያ በላይ መቀነስ ካስፈለገ ችግሩ የማይክ አቀማመጥ ነው፣ ተመልሳችሁ ቅረጹ። ቃል የሚለይበት ቦታ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ላይ ድምፁን ከማጉላት ጊታሩን 2 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ይሻላል፤ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፅ አይፋጭም።

አንዱን ጊታር ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ 60 ወይም 70 በመቶ ውሰዱት፤ ድምፃዊው መሀል ይቅር። ታዲያ አንድ የተቀረጸ ጊታር ኮፒ አድርጋችሁ፣ ኮፒውን በጥቂት ሚሊ ሰከንድ አዘግይታችሁ ወደ ሌላው ጎን እንዳትወስዱት። በኢርፎን ሰፊ መስሎ ይሰማል፤ ባለ አንድ ስፒከር ስልክ ላይ ሁለቱ ሲደመሩ ግን ከፊሉን ድምፅ እርስ በርስ ያጠፋፋሉ፣ ጊታሩም በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። ስፋት ከፈለጋችሁ ያንኑ ክፍል ድጋሚ ተጫወቱት። አድማጫችሁ ሚኒባስ ውስጥ በስልክ የሚሰማችሁ ከሆነ ሚክሱን በሞኖ (ግራና ቀኙን በአንድ ደምራችሁ) ሳትሰሙ አትጨርሱ። ትንሽ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም ስለማያወጣ የባሱ መስመር ይጠፋል፤ ባሱን ከፍ በማድረግ አትድከሙ፣ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር) ስትጨምሩለት ከላይ በሚፈጠሩት ድምፆች ይሰማል።

ሌላው ጠንቅ ጩኸት ነው። ዩቲዩብ ከኔጌቲቭ 14 ሉፍስ (የአጠቃላይ ጩኸት መለኪያ) በላይ ጮክ ያለውን ዘፈን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ማስተሪንጉን (የመጨረሻውን የድምፅ ማጠናቀቂያ) እስከ ኔጌቲቭ 8 ከገፋችሁት 6 ዴሲቤል ይቀነስባችኋል፤ ለጩኸቱ ሲባል የተጨፈለቀው የምት ከፍታና ዝቅታ ግን አይመለስም። የመጀመሪያው አልበማችሁ ሳይጨፈለቅ ወጥቶ ከሆነ፣ ሰው ጎን ለጎን ሲሰማ አዲሱ የደከመ የሚመስለው በዚህም ጭምር ነው። ከኔጌቲቭ 14 እስከ ኔጌቲቭ 11 ባለው ውስጥ ቆዩ፤ ጣሪያውም ኔጌቲቭ 1 ዴሲቤል ትሩ ፒክ (የድምፁ ትክክለኛ ከፍተኛ ጫፍ) ይሁን።

አስተያየቱን በጅምላ አትውሰዱት። በወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አውጡ፦ ስለ ዜማና ግጥም፣ ስለ አዘፋፈን፣ ስለ ድምፅ ጥራት። «የመጀመሪያው ይሻላል» ብቻ የሚለውን የትኛውም ዓምድ ውስጥ አታስገቡት፤ ልማድም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብታችሁ ተመልካች የሚቆይበትን ግራፍ እዩ። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ከወደቀ መግቢያው ረዝሟል፤ ሁለተኛው አዝማች ላይ ከወደቀ ድግግሞሹ አሰልችቷል። ወጥ ሆኖ እየቆየ አስተያየቱ መጥፎ ከሆነ ግን ዘፈኑ ይሰማል፣ የሚቀረው የድምፁ ጉዳይ ነው።

ሰባቱን እንዲህ ፈትኗቸው፦ ድምፁንና አንዱን ጊታር ብቻ ትታችሁ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኙ። ከዚያ እየመለሳችሁ ስትጨምሩ፣ ሲገባ ያላስተዋላችሁት ነገር ካለ ይውጣ። የወጡትን ሦስቱን በተመለከተ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን ሳይነኩ ድምፁን መተካት አይቻልም፤ ተዉአቸው፣ በአልበሙ ላይ አዲሱን ሚክስ አስገቡ። አዲስ ሚክስ አዲስ የአይ ኤስ አር ሲ ኮድ (የአንድ ቅጂ መለያ ቁጥር) ያስፈልገዋል።

«ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ሁለተኛ አልበም የሠሩ የውጭ ቡድኖች ምን አደረጉ? ሰው መጨመር ግድ ነው?» ከደብረ ሲና

ግድ አይደለም። ዘ ኋይት ስትራይፕስ ሁለተኛ አልበማቸውን፣ «ደ ስታይል»ን (እ.ኤ.አ. 2000)፣ ዲትሮይት ውስጥ በጊታሪስቱ ሳሎን፣ በስምንት ትራክ ቴፕ ነው የቀረጹት። ዘ ብላክ ኪስም «ቲክፍሪክነስ»ን (እ.ኤ.አ. 2003) በከበሮ መቺው ቤት ምድር ቤት፣ በተመሳሳይ ስምንት ትራክ ማሽን ሠርተውታል። በሌላ በኩል ባልና ሚስት የሆኑት የጊታር ፖፕ ዱኦ ቴኒስ፣ ለሁለተኛው «ያንግ ኤንድ ኦልድ» (እ.ኤ.አ. 2012) ፕሮዲዩሰር ከውጭ አመጡ፤ ያመጡትም የዚያንኑ የብላክ ኪስን ከበሮ መቺ ፓትሪክ ካርኒን ነው። በሁለት ሰው መሥራትን የሚያውቅ ጆሮ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰው ከጨመራችሁ የሚቀንስላችሁን ጨምሩ።

«አቀናባሪው ጓደኛዬ በጊታር ኮርድ ሲያጅበኝ አምባሰሉ ይጠፋብኛል፤ ሰው ሁሉ ትዝታ ነው ይለኛል። ምን እያጠፋን ነው?» ድምፃዊት፣ ከዓለም ከተማ

ሰዎቹ የሚሰሙት ትክክል ነው፤ የሚያጠፋው ደግሞ ጓደኛሽ ዘፈኑን የሚያሳርፍበት ኮርድ ነው።

አምባሰልን ከኢ ብትነሺ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው። ትዝታ ማይነርን ከኤ ብትነሺ ደግሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፤ አምስቱም እነዚያው ናቸው። የሚለያቸው ማረፊያው ብቻ ነው። ጊታሪስት ለጆሮው የሚጥመው ኤ ማይነር ስለሆነ የስንኙን መጨረሻ እዚያ ላይ ያሳርፋል፤ አንቺ ኢ ላይ ብታርፊም የአድማጭ ጆሮ ባሱን ተከትሎ ኤን ቤት ያደርገዋል። ያን ጊዜ አምባሰሉ አለቀ፣ ትዝታ ማይነር ሆነ ማለት ነው።

እንዲህ ይሞክር። ወፍራሙን የኢ ክር እንደ በገና ባስ ሳያቋርጥ እያስጮኸ ይያዘው። ስንኙ በሚያርፍበት ቦታ ኢን እና ቢን ብቻ ይምታ፤ ጂም ጂ ሻርፕም አይጨምር። ኢ ሜጀርም ሆነ ኢ ማይነር ከያዘ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ አስገባ ማለት ነው። በመሀል ሙሉ ኮርድ ካማረው ኤፍ ሜጀር እና ኤ ማይነር ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ አሉ፤ ግን አላፊ ይሁኑ፣ ቢቻል ኤ ማይነሩ ከታች ኢን እንደያዘ ይመታ። ለድምፅሽ ከፍ ማለት ካለበት ያንኑ አያያዝ ሳይለውጥ ካፖ ይጠቀም፤ 3ኛው ፍሬት ላይ አምባሰሉ ከጂ ይነሳል።

አንቺሆዬ ከኢ ሲነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ቀላል ኮርድ ኤ ሜጀር ነው፤ ሁለተኛው ቢ ፍላት ማይነር ሲሆን ሁለቱን እያፈራረቁ መምታት ከቅኝቱ ይልቅ የጊታሩን ብልሃት ያሳያል። አንቺሆዬን በኮርድ ከማጀብ እንደ ክራር በነጠላ ክር መከተል ይሻላል ባዮች ነን።

ትዝታ ሜጀር ለሚጀምር ጊታሪስት ግን መንገዱ ክፍት ነው፦ በመደበኛው ቅኝት የጊታር ክፍት ክሮች ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ ናቸው፤ ከጂ ሲደረደሩ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ማለትም ሙሉ ትዝታ ሜጀር። በግራ እጅ ምንም ሳይነኩ የትኛውም ክር ቢጮኽ ከቅኝቱ አይወጣም። የጂ ትዝታ ላይ ሲ ሜጀር የሚመታ ሰው ግን ሲን ራሱን ከውጭ እያስገባ መሆኑን ይወቅ፤ አንዳንዴ ያምራል፣ ሁልጊዜ ከሆነ ዘፈኑ የመዝሙር ቤት ፒያኖ ይሆናል።

«የምንቀርጽበት ክፍል ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፁ ያስተጋባል። የእንቁላል ካርቶን ብንለጥፍስ?» ከመሐል ሜዳ

የእንቁላል ካርቶን ከቀጭን ድምፅ በቀር የሚውጠው ነገር የለም፤ እሳት ለመያዝ ግን ፈጣን ነው። መንዝ ተቀምጦ ስለ ድምፅ መዋጫ መቸገር አይገባም፤ የበግ ጠጉር ጥሩ ከሚባሉት መዋጫዎች አንዱ ነውና ባና አለላችሁ። ባናውን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ በገመድ ወይም በእንጨት ስቀሉት፤ ክፍተቱ ሲኖር ከ850 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ በደንብ ይሠራል፣ ከተጣበቀ ግን የሚነካው ከዚያ በጣም የቀጠነውን ብቻ ነው። እጥፍ አድርጎ መስቀል ይመረጣል። ቅድሚያ ከዘፋኙ ጀርባ ላለው ግድግዳ ስጡ፤ ማይኩ የሚያየው እሱን ነው። ቀጥሎ ጣሪያው፦ ከዘፋኙ አናት በላይ አንድ ባና በአግድም ወጥሩ። ማዕዘኖቹ ላይ የሚጠራቀመውን ወፍራም ድምፅ ባና አይችለውም፤ ያልተፈተለ ጠጉር በጆንያ ጠቅጥቃችሁ ከወለል እስከ ጣሪያ አቁሙ።

ማይኩን በጊታሩ ቀዳዳ ፊት አትደቅኑት፣ ያጉረመርማል። 12ኛው ፍሬት ትይዩ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ትንሽ ወደ ቀዳዳው ዘመም ይበል። ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ የምትቀረጹ ከሆነ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክ ከጊታሩ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። በ24 ቢት ስለምትቀርጹ ደረጃውን ቀይ ጋር ማድረስ አያስፈልግም፤ ከፍተኛው ምት ኔጌቲቭ 10 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሆኖ የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከተሰማ ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የመብራቱ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ነው። በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ መድኃኒት የለውም፤ ጠዋት ጠዋት ቅረጹ።

«ሸዋ ሮቢት ተቃኝተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጊታሩ ሌላ ይሆናል። ከፍታው ነው?» ከሸዋ ሮቢት

ከፍታው አይደለም፤ ቅዝቃዜውና ድርቀቱ ነው። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ስትወጡ የብረቱ ክር ቀዝቅዞ ይሰበሰብና ድምፁ ይሾላል። ስትመለሱ ወይም መድረክ ላይ መብራት ሲመታው ይላላል። ስትደርሱ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱት፤ ዝግጅቱ ወደሚደረግበት ክፍል አስገብታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ቃኙ።

ድርቀቱ የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የፍሬቱ ጫፎች እጅ መቧጨር ከጀመሩ፣ ክሩ ሳይታሰብ ዝቅ ብሎ መንዘር ካመጣ፣ ወይም የጊታሩ ፊት ቀዳዳው አካባቢ ከሰረጎደ እንጨቱ ውኃ አጥቷል። ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። የፕላስቲክ ሳሙና ማስቀመጫ ብሱና ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ከታችሁ ቦርሳው ውስጥ፣ ከጊታሩ አናት ጎን አኑሩ፤ ሲደርቅ አርጥቡት። የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። የነዘረውን ክር ለማዳን ሲባል ድልድዩን ከፍ የሚያስደርግ ሰው እንዳይሳሳት፦ እርጥበቱ ሲመለስ ክሩ ራሱ ከፍ ይላልና መጀመሪያ አንድ ሳምንት አርጥቡ።

«ልጄና የእህቴ ልጅ አብረው ዘፈን ያወጣሉ። አሁን ሁለተኛውን ሲሠሩ ‹ዜማው የኔ ነው› መባባል ጀምረዋል። ሳይጣሉ እንዴት ይካፈሉ?» እናት፣ ከአንኮበር

እናታችን፣ አሁን መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ይከብዳል። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ አንድ ወረቀት ያስጽፏቸው፦ ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ ለቀረጻው ወጪ ያወጣው ማን ነው፤ በእያንዳንዱ ፊት ድርሻው በመቶኛ፣ ቀንና የሁለቱም ፊርማ። ግማሽ በግማሽ ካሉም ይጻፍ። ግጥምና ዜማ አንድ መብት፣ የተቀረጸው ድምፅ ሌላ መብት መሆኑን ይንገሯቸው፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ሕጉ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ጥበቃው ሥራው ሲፈጠር ይጀምራል፣ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ በጋራ የተሠራ ከሆነ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ሟች ነው። የዩቲዩቡና የአከፋፋዩ (ዘፈኑን ወደ ማዳመጫ መድረኮች የሚልከው ድርጅት) አካውንት በአንድ ልጅ የግል ኢሜይል ብቻ አይከፈት፤ ለሥራው ብቻ የሚሆን ኢሜይል ይኑራቸው፣ የይለፍ ቃሉን ሁለቱም ይወቁት።

«አሥሩንም ዘፈን ባንድ ጊዜ ወይስ አንድ በአንድ?» ከእነዋሪ

ሁለት ወይም ሦስት አስቀድማችሁ፣ ቀሪውን በአልበም። ለስፖቲፋይ የዘፈን ዝርዝር (ፕሌይሊስት) አዘጋጆች ዘፈን የሚጠቆመው ከመውጫው ቢያንስ 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ከወጣ በኋላ አይቻልም፣ ስለዚህ ለአከፋፋዩ አራት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩ። እዚያ ዘፈኑ አንድ ጊዜ ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሰማ ነው፤ አንድ ዘፈን በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠም ክፍያ አያመጣም። ሽፋኑ 3,000 በ3,000 ፒክስል ይሁን። የዘፈኑን ስም በፊደልም በላቲንም ጻፉት፤ በላቲን የምትመርጡትን አጻጻፍ ግን ከመጀመሪያው አልበም ጋር አንድ አድርጉት፤ በአንድ ፊደል ከተለየ መድረኮቹ ሁለት የተለያዩ ዘፋኞች አድርገው ይከፍሏችሁና የድሮው አድማጭ አዲሱን አያገኘውም። ለሙዚቃ ቤቶችና ለሾፌሮች በፍላሽ የምትሰጡትን በ320 ኪሎ ቢት ኤምፒ3 አድርጉት፤ የፋይሉ ስም ከ01 እስከ 10 ቁጥር ይቅደመው፣ አለበለዚያ የመኪናው ቴፕ በፊደል ተራ ያጫውተዋል።